የከተማ ምክር ቤት ምርጫና ውጤቱ፤ የናይሮቢ ከተማ ምሳሌ

በከተማ የሚኖር ሰው ጠዋት ከእንቅልፉ ነቅቶ ማታ እስኪተኛ ድረስ በብዙ ነገር ከማዘጋጃ ቤት ሥራ ጋር ይገናኛል። ፊቱን የሚታጠብበት ውሃ፣ ወደ ሥራው የሚሄድበት መንገድ፣ እህልና አትክልት የሚገዛበት ገበያ፣ ከቤቱ የሚወጣው ጥራጊ የሚጣልበት ስፍራ፣ ሕፃን ልጁ የሚከተብበት ጤና ጣቢያ፣ እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው የከተማ አስተዳደር ጉዳዮች ናቸው። ሆኖም ስለ መንግሥት በተነገረ ቁጥር ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የአገሪቱን መሪና ብሔራዊውን ሸንጎ እንጂ የሰፈሩን ቦይ የሚያስጠርገውን ምክር ቤት አይደለም።

የከተማ ምክር ቤት ማለት የአንድ ከተማ ነዋሪዎች ስለ ጋራ ጉዳያቸው እንዲመክሩና እንዲወስኑ የሚወክሏቸው ሰዎች ጉባኤ ነው። የከተማ ሕዝብ በመቶ ሺህና በሚሊዮን የሚቆጠር በመሆኑ ሁሉም ባንድ አደባባይ ተሰብስቦ ሊመክር አይችልም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰፈር የሚያምነውን ሰው መርጦ ይልካል። የተመረጠውም ሰው የሰፈሩን ችግር ለጉባኤው ያቀርባል፤ የከተማው ገንዘብ በምን ሥራ ላይ እንደሚውል ይከራከራል፤ ደንብ ያወጣል፤ የሥራ ኃላፊዎችንም ይቆጣጠራል።

ምርጫው ሲፈጸም ውጤቱ በቁጥር ይገለጻል። ቁጥሩ ማን እንዳሸነፈ ብቻ ሳይሆን ሌላም ብዙ ነገር ይናገራል። ነገር ግን የሚናገረውን ለመረዳት ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘና ከተገኘም በኋላ ምን እንደሚደረግበት ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው የኢትዮጵያ ጎረቤት የሆነችው የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ናት። ናይሮቢ ባንድ መቶ ሃያ ዓመት ታሪኳ ጥቂቶች ብቻ የሚመርጡበትን ምክር ቤት፣ ሕዝብ የመረጠውን ምክር ቤት፣ ከዚያም ያለ አንዳች ምርጫ በተሿሚዎች መተዳደርን በየተራ አይታለች። በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. የሚል ካልታከለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ አገር ልማድ

ናይሮቢ የከተማ አስተዳደርን ሥርዓት የወረሰችው ከእንግሊዞች ስለሆነ በመጀመሪያ የእነርሱን ልማድ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። በብዙው የእንግሊዝ አገር ክፍል እያንዳንዱ ወረዳ የራሱ ምክር ቤት አለው። ወረዳው ዋርድ በሚባሉ አነስተኛ የምርጫ ቀጠናዎች ይከፋፈላል፤ ከእያንዳንዱም ቀጠና ከአንድ እስከ ሦስት የሚደርሱ አባላት ይመረጣሉ። የምርጫው ቀን በተለመደው አሠራር የሜይ ወር የመጀመሪያው ሐሙስ ሲሆን፣ አባላቱ በመደበኛው ለ4 ዓመት ያገለግላሉ። አንዳንዱ ምክር ቤት አባላቱን ሁሉ ባንድ ቀን ሲያስመርጥ፣ ሌላው በየጊዜው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ያስመርጣል።

ድምፁ ተቆጥሮ ሲያበቃ የእያንዳንዱ ቀጠና ውጤት ለሕዝብ ይገለጻል። መግለጫው የዕጩዎቹን ስም፣ የፖለቲካ ድርጅታቸውን፣ እያንዳንዱ ያገኘውን ድምፅና ዋጋ ያጡትን ወረቀቶች ብዛት ያሳያል፤ ከተመዘገቡት መራጮች መካከል ከመቶ ስንቱ ድምፅ እንደሰጡም አብሮ ይነገራል። አሸናፊ የሚሆነው ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ነው፤ ከግማሽ በላይ እንዲያገኝ አይጠበቅበትም። ከምክር ቤቱ ወንበሮች ከግማሽ በላይ የያዘ ድርጅት ምክር ቤቱን ይመራል፤ ማንም ግማሹን ያላለፈ እንደሆነ ግን ድርጅቶቹ ተስማምተው ለመሥራት ይገደዳሉ።

በእንግሊዝ አገር ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ በሕግ የተደነገገው በ1872 ነበር። ከዚያ በፊት መራጩ የሚደግፈውን ሰው በአደባባይ ይናገር ስለነበር፣ ጢሰኛው ባለመሬቱን፣ ሠራተኛውም አሠሪውን እየፈራ ድምፁን ይሰጥ ነበር። የምስጢር ድምፅ ጥቅም በናይሮቢና በመላው ኬንያ ታሪክ ውስጥም ቆይቶ ታይቷል።

የናይሮቢ ምክር ቤት አመሠራረት

ናይሮቢ የሚለው ስም ከማሳይ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ቀዝቃዛ ውሃ ከማለት የመጣ ነው። በ1899 ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ ወደ ኡጋንዳ ያመራ የነበረው የባቡር ሐዲድ በዚያ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ሲደርስ ሠራተኞቹ ሰፈሩ፤ መጋዘንና የጥገና ስፍራም ተሠራ። በሠፈሩ ዙሪያ ሱቆችና መኖሪያዎች እየተጨመሩ ሄዱ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ሠፈሩ የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ ሆነ። በ1900 የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1919 ኮሚቴው ወደ ምክር ቤት ደረጃ ከፍ አለ፤ በ1950 ደግሞ ናይሮቢ ከእንግሊዝ ንጉሥ በተሰጣት ቻርተር የሙሉ ከተማነት ማዕርግ አገኘች።

ይሁን እንጂ ያ ምክር ቤት የነዋሪዎቹ ሁሉ ምክር ቤት አልነበረም። ነጮቹ ሰፋሪዎች በቁጥር ጥቂት ሆነው ሳሉ አብዛኛውን ወንበር ይዘው ነበር። ሕንዶች ጥቂት ወንበር አገኙ። አፍሪካውያን ግን ለረጅም ጊዜ ወኪል አልነበራቸውም፤ በኋላም ጥቂቶቹ የገቡት በሕዝብ ተመርጠው ሳይሆን በባለሥልጣን ተሹመው ነበር። ከተማይቱም በዘር የተከፋፈለች ነበረች። ከፍ ብሎ የሚገኘውና ዛፍ የበዛበት ምዕራባዊ ክፍል የነጮች መኖሪያ ሲሆን፣ አፍሪካውያን በምሥራቅ በኩል እንደ ፑምዋኒ ባሉ ሰፈሮች ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። በምክር ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው ሰፈር ውሃና መንገድ ቀድሞ ያገኝ ነበር፤ ድምፅ የሌለው ሰፈር ግን ተራውን ይጠብቃል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ ስለ አንድ ምርጫ ውጤት ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ማን አሸነፈ የሚለው ሳይሆን ማን እንዲመርጥ ተፈቀደለት የሚለው መሆኑን ነው።

የነጻነት ጊዜ እየተቃረበ ሲሄድ ይህ ሁኔታ ተለወጠ። በ1962 ቻርልስ ሩቢያ የናይሮቢ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ከንቲባ ሆኑ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ኬንያ ነጻነቷን ተጐናጸፈች። በ1970 ደግሞ ማርጋሬት ኬንያታ የናይሮቢ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነው እስከ 1976 ድረስ አገለገሉ። በኪሱሙ ከተማ ከእርሳቸው በፊት በ1965 ግሬስ ኦንያንጎ የከንቲባነት ሥልጣን ይዘው ስለነበር፣ የኬንያ ሴቶች በከተማ አስተዳደር ቀደም ብለው ቦታ አግኝተዋል ለማለት ይቻላል።

በዚያን ጊዜ ከንቲባውን በቀጥታ የሚመርጠው ሕዝቡ አልነበረም። ሕዝቡ የምክር ቤቱን አባላት ይመርጣል፤ አባላቱ ደግሞ ከመካከላቸው ከንቲባውን ይመርጡ ነበር። የዕለት ሥራውን የሚመራው ግን የማዘጋጃ ቤቱ ዋና ጸሐፊ ነበር። ይህም በቀጥታ ከእንግሊዞች የተወሰደ ሥርዓት ነው።

ያለ ምርጫ የቆየችው ከተማ

በ1983 የኬንያ መንግሥት የናይሮቢን ምክር ቤት በሥራ ጉድለትና በገንዘብ አያያዝ ጉድለት ወቅሶ አገደው፤ በምትኩም አባላቱ በመንግሥት የተሾሙ ኮሚሽን አቋቋመ። ጊዜያዊ ይሆናል የተባለው ይህ አሠራር እስከ 1992 ድረስ ቆየ። ወደ ዐሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የአገሪቱ ትልቋ ከተማ ነዋሪዎች የከተማቸውን አስተዳዳሪዎች አልመረጡም። ቧንቧው ሲነጥፍ ወይም ጥራጊው በየመንገዱ ሲከማች ነዋሪው አቤት የሚልበት መሥሪያ ቤት ነበረው፤ በሚቀጥለው ምርጫ ከወንበሩ ሊያነሳው የሚችለው ሰው ግን አልነበረም። በሹመት የመጣ ሰው የሚፈራው የሾመውን ነው፤ በምርጫ የመጣ ግን የመረጠውን ይፈራል። የሁለቱ አስተዳደሮች ዋናው ልዩነት በዚህ ላይ ነው።

በዚሁ ዘመን የምስጢር ድምፅም ተፈትኗል። ኬንያ ያን ጊዜ የምትመራው ባንድ የፖለቲካ ድርጅት፣ በካኑ ነበር። በ1988 ድርጅቱ ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት የሚቀርቡትን ዕጩዎች ሲያስመርጥ፣ የድርጅቱ አባላት ከሚደግፉት ሰው ወይም ከወኪሉ ኋላ በአደባባይ እንዲሰለፉ አደረገ። በስዋሂሊ ቋንቋ ምሎሎንጎ ይባል የነበረው ይህ አሠራር ትርጉሙ ሰልፍ ማለት ነው። በሰልፉ ከመቶ 70 በላይ ያገኘ ዕጩ ሌላ ድምፅ መስጠት ሳያስፈልግ እንደተመረጠ ይቆጠር ነበር። በዚህ ሁኔታ ነጋዴው በደንበኛው፣ ሠራተኛው በአለቃው፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ፊት ምርጫውን ለመግለጥ ተገደደ። ሰልፉ ከተበተነ በኋላ እንደገና ሊቆጠር የሚችል ወረቀት ስለማይኖር፣ አጭሩ ሰልፍ ረጅሙን አሸነፈ ተብሎ ተነገረ የሚል ቅሬታ በየስፍራው ተሰማ። ብዙ ተቃውሞ ስለተነሣበት በ1990 መጨረሻ ላይ ካኑ አሠራሩን ተወው። በዲሴምበር 1991 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ብዙ የፖለቲካ ድርጅቶች እንዲኖሩ ተፈቀደ፤ በዲሴምበር 29 ቀን 1992 በተደረገውም ምርጫ የናይሮቢ ሕዝብ ምክር ቤቱን መልሶ አገኘ።

የ2010 ሕገ መንግሥት ያመጣው ለውጥ

ኦገስት 27 ቀን 2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት አገሪቱን በ47 ካውንቲዎች ከፈለ፤ ናይሮቢም ከእነዚህ አንዷ ሆነች። በማርች 4 ቀን 2013 የመጀመሪያው የካውንቲ ምርጫ ሲደረግ የድሮው የከተማ ምክር ቤትና የከንቲባነት ማዕርግ አብረው አበቁ። የመጨረሻው ከንቲባ ጆርጅ አላድዋ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የከተማይቱ የበላይ አስተዳዳሪ ገዥ ተብሎ የሚጠራ ሲሆን፣ የሚመረጠውም በአባላት ሳይሆን በቀጥታ በሕዝብ ነው። አንድ ሰው በገዥነት ከሁለት የምርጫ ዘመን በላይ ሊያገለግል አይችልም።

ናይሮቢ 17 የምርጫ ክልሎች አሏት፤ እያንዳንዱ ክልል ደግሞ በ5 ቀጠናዎች ስለሚከፈል በጠቅላላው 85 ቀጠናዎች ይሆናሉ። ለምሳሌ የካሙኩንጂ ክልል ፑምዋኒ፣ ሰሜን ኢስትሊ፣ ደቡብ ኢስትሊ፣ ኤርቤዝና ካሊፎርኒያ የተባሉትን ቀጠናዎች ይዟል። እያንዳንዱ ቀጠና ለካውንቲው ምክር ቤት አንድ አባል ይልካል። በ2019 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የናይሮቢ ነዋሪዎች ቁጥር 4,397,073 ስለነበር፣ በአማካይ አንድ የምክር ቤት አባል ከ51 ሺህ በላይ ሕዝብ ይወክላል ማለት ነው። ሕጉ ከምክር ቤቱ አባላት ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሚሆኑት አንድ ጾታ ብቻ እንዳይሆኑ ስለሚያዝ፣ ከተመረጡት በተጨማሪ ድርጅቶች ባገኙት ወንበር ልክ ሌሎች አባላትን ያቀርባሉ። አካል ጉዳተኞችና ወጣቶችም በዚሁ መንገድ ቦታ ያገኛሉ።

የምርጫው ቀን

በኬንያ መደበኛው ምርጫ የሚደረገው በየ5 ዓመቱ በኦገስት ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። መራጩ ባንድ ጊዜ ስድስት ወረቀት ይቀበላል፤ አንዱ ለፕሬዚዳንት፣ አንዱ ለካውንቲ ገዥ፣ አንዱ ለሴኔት አባል፣ አንዱ ለብሔራዊው ምክር ቤት አባል፣ አንዱ ለካውንቲው የሴቶች ተወካይ፣ ስድስተኛው ለቀጠናው የካውንቲ ምክር ቤት አባል ነው። መራጩ እንዳይሳሳት ወረቀቶቹና ሣጥኖቹ በቀለም የተለያዩ ናቸው።

የምርጫ ጣቢያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተከፍቶ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ይቆያል። በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ አማርኛው ከንጋት ተነሥቶ ስለሆነ፣ የናይሮቢ ሰውም ይህን ሰዓት የሚጠራው በዚሁ ቁጥር ነው። መራጩ መታወቂያውን ያሳያል፤ የጣቱ አሻራ በመሣሪያ ይመረመራል፤ ከዚያም ወረቀቶቹን ተቀብሎ በተከለለ ስፍራ ብቻውን ሆኖ ምልክት ያደርጋል። ወረቀቶቹን በየሣጥናቸው ከከተተ በኋላ ሁለተኛ እንዳይመርጥ ጣቱ በማይለቅ ቀለም ይቀባል።

ሰዓቱ ሲያበቃ ቆጠራው እዚያው ጣቢያ ውስጥ ይጀመራል። የጣቢያው ኃላፊ እያንዳንዱን ወረቀት እያነሣ ለዕጩዎቹ ወኪሎችና ለታዛቢዎች ያሳያል። ቆጠራው ሲፈጸም ውጤቱ በተዘጋጀው ቅጽ ላይ ተጽፎ ወኪሎቹ ይፈርሙበታል፤ አንዱም ቅጂ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። በዚህ ምክንያት ማንኛውም የሰፈር ሰው የጣቢያውን ውጤት በዓይኑ አይቶ በኋላ ከሚነገረው ድምር ጋር ሊያስተያይ ይችላል። በ2017 የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንት ምርጫን በሚመለከት በሰጠው ፍርድ፣ በምርጫ ጣቢያው ተቆጥሮ የተገለጸው ውጤት የመጨረሻ መሆኑንና በማዕከል ያሉ ሹሞች ሊለውጡት እንደማይችሉ አረጋግጧል።

ውጤትን እንዴት ማንበብ ይቻላል

ባንድ ቀጠና 10,000 ሰዎች ድምፅ ሰጡ እንበል። አራት ዕጩዎች ተወዳድረው አንደኛው 3,400፣ ሁለተኛው 3,200፣ ሦስተኛው 2,100፣ አራተኛው 1,300 ድምፅ ቢያገኙ፣ አሸናፊው 3,400 ያገኘው ነው። ነገር ግን 6,600 ሰዎች ሌላ ሰው መርጠዋል። ስለዚህ አሸናፊው ሥራውን ሲጀምር ከመረጡት ይልቅ ያልመረጡት እንደሚበዙ ማወቅ ይኖርበታል። የእነርሱም ወኪል እርሱው ነውና።

እውነተኛውን የናይሮቢ ውጤት ብንመለከትም ተመሳሳይ ትምህርት ይገኛል። በ2013 ኢቫንስ ኪዴሮ ወደ 692 ሺህ ድምፅ አግኝተው ወደ 618 ሺህ ያገኙትን ፈርዲናንድ ዋይቲቱን በማሸነፍ የመጀመሪያው ገዥ ሆኑ። በ2017 ማይክ ሶንኮ ከ870 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝተው ኪዴሮን አሸነፉ። በኦገስት 9 ቀን 2022 በተደረገው ምርጫ ደግሞ ጆንሰን ሳካጃ 699,392፣ ዋናው ተፎካካሪያቸው ፖሊካርፕ ኢጋቴ 573,516 ድምፅ አገኙ። የሁለቱ ልዩነት 125,876 ነው።

የ2022 ውጤት በሁለት መንገድ ሊታይ ይችላል። አንደኛው፣ በናይሮቢ ተመዝግበው የነበሩት መራጮች 2,415,310 ስለነበሩ አሸናፊው ያገኙት ድምፅ ከተመዘገበው ሕዝብ ከመቶ 29 ያህሉ ብቻ ነው። ሌላው ወገን ከፊሉ ለሌሎች ዕጩዎች ድምፁን ሰጠ፤ ከፊሉም ጭራሹን ከቤቱ አልወጣም። ከቤቱ ያልወጣው ሰው ድምፁን የነፈገው ለሁሉም ዕጩዎች ይመስለዋል፤ ነገር ግን ውጤቱን የሚወስኑት የወጡት ብቻ ስለሆኑ፣ ቀርቶም ቢሆን ለአሸናፊው መንገድ ጠርጓል። ሁለተኛው፣ በዚያው ቀን በናይሮቢ ለፕሬዚዳንትነት የላቀ ድምፅ ያገኙት ራይላ ኦዲንጋ ሲሆኑ፣ የካውንቲውን ገዥነት ያሸነፉት ሳካጃ ግን የተፎካካሪው የዊልያም ሩቶ ድርጅት ዕጩ ነበሩ። ይህም በርካታ ነዋሪዎች ስድስቱን ወረቀት በጅምላ እንዳልሞሉ፣ የአገሩን መሪና የከተማቸውን አስተዳዳሪ ለይተው እንደመረጡ ያመለክታል።

በውጤቱ ቅር የተሰኘ ወገን ቅሬታውን የሚያቀርበው ለፍርድ ቤት ነው። ሕጉ ውጤቱ በተገለጸ በ28 ቀን ውስጥ ክስ እንዲቀርብ ያዛል። በ2013 የተሸነፉት ዋይቲቱ ይህን መንገድ ተከትለው ክስ መሠረቱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሱን ሲጥለው፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2014 የኪዴሮን መመረጥ ሻረ፤ በዚያው ዓመት ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙ የቀረበው ከተወሰነው ጊዜ ውጭ መሆኑን ገልጾ ኪዴሮን በሥልጣናቸው አጸና። እንዲህ ያለው ክርክር ረጅምና አድካሚ ቢሆንም በድንጋይና በዱላ ከሚደረገው ክርክር የተሻለ መሆኑ አያጠራጥርም።

ከውጤቱ በኋላ

ምርጫ ማሸነፍ ከተማን እንደ ርስት መውረስ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2020 የናይሮቢ ካውንቲ የጤና፣ የትራንስፖርት፣ የሕዝብ ሥራና የከተማ ፕላን ተግባሮች በስምምነት ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተላልፈው፣ ለዚሁ በተቋቋመ መሥሪያ ቤት እስከ 2022 ድረስ ይሠሩ ጀመር። በዲሴምበር 3 ቀን 2020 ደግሞ 88 የካውንቲው ምክር ቤት አባላት ገዥው ሶንኮ ከሥልጣን እንዲነሱ ድምፅ ሰጡ፤ ሴኔቱም ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሳኔውን አጸደቀው። ከ870 ሺህ በላይ ድምፅ ያገኘን ሰው 88 ሰዎች ማንሳታቸው የሚያስገርም ይመስል ይሆናል። ነገር ግን እነዚያም የምክር ቤት አባላት በአብዛኛው በሕዝብ ድምፅ የመጡና ገዥውን የመቆጣጠር ሥልጣን በሕግ የተሰጣቸው ናቸው። ሕዝቡ በስድስት ወረቀት መምረጡ አንዱ ተመራጭ ሌላውን እንዲጠብቅ ነው።

በሌላ በኩል የከተማ ምክር ቤት ሁሉን ማድረግ እንደማይችል መራጩ ማወቅ ይገባዋል። በኬንያ ገበያ፣ የካውንቲ መንገድ፣ ጤና ጣቢያ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት፣ የጥራጊ ማንሳትና የውሃ አቅርቦት የካውንቲው ሥራዎች ሲሆኑ፣ ፖሊስና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን የማዕከላዊው መንግሥት ናቸው። የናይሮቢ ውሃ አብዛኛው የሚመጣው ከከተማይቱ ክልል ውጭ፣ በሙራንጋ ካውንቲ ከሚገኘው የንዳካይኒ ግድብ ነው። የከተማይቱ ዋና የጥራጊ መጣያ የሆነው የዳንዶራ ስፍራ ደግሞ ከ1975 ጀምሮ ሲያገለግል ከብዙ ምክር ቤቶችና ከንቲባዎች ዕድሜ በላይ ኖሯል። ስለዚህ አንድ ዕጩ ሁሉን ባንድ ዓመት እለውጣለሁ ቢል፣ አስተዋይ መራጭ በየትኛው ሥልጣንና በምን ገንዘብ ብሎ ይጠይቀዋል።

ድምፅ የሌላቸው ነዋሪዎችም አሉ። በኢስትሊ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ሱቅና ምግብ ቤት የከፈቱትም ለካውንቲው የንግድ ፈቃድ ገንዘብ ይከፍላሉ። ዜጎች ስላልሆኑ ግን አይመርጡም። በእንግሊዝ አገር ሕጉ ከዚህ ይለያል። በዚያ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ኬንያዊ፣ አገሩ የኮመንዌልዝ አባል በመሆኗ፣ በሚኖርበት ወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። በከተማ ውስጥ መኖር ብቻውን የመምረጥ መብት ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚለው ጥያቄ በየአገሩ የተለያየ መልስ አግኝቷል።

የአዲስ አበባ ነዋሪም ከዚህ ታሪክ የሚያስተያየው ነገር አያጣም። ከንቲባ የሚለው ማዕርግ ከጎንደር ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ጥንታዊ ማዕርግ ሲሆን፣ ለብዙ ዘመን በሹመት ብቻ የሚሰጥ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች በየቀበሌያቸው ተደራጅተው መሪዎቻቸውን እንዲመርጡ ተደነገገ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫ የተደረገበት የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት 138 ወንበሮች ያሉት ሲሆን፣ ከንቲባውን የሚመርጠውም ምክር ቤቱ ነው። ይህ አሠራር ናይሮቢ እስከ 2013 በአውሮፓ አቆጣጠር ስትሠራበት ከነበረው ጋር ይመሳሰላል። በቀጥታ በሕዝብ የተመረጠ አስተዳዳሪ በሕዝቡ ዘንድ ይበልጥ ይታወቃል፤ በምክር ቤት የተመረጠው ደግሞ ከምክር ቤቱ ጋር ተስማምቶ ለመሥራት ይቀለዋል። ሁለቱም መንገዶች የየራሳቸው ጥቅምና ጉድለት አላቸው።

የናይሮቢ ታሪክ የሚያስተምረው የምርጫ ውጤት ብቻውን ቆሞ የሚታይ ቁጥር አለመሆኑን ነው። ከቁጥሩ በፊት የመምረጥ መብት፣ ምስጢራዊ ድምፅና ሁሉም እያየው የሚደረግ ቆጠራ አሉ። ከቁጥሩ በኋላ ደግሞ ፍርድ ቤት፣ የምክር ቤት ቁጥጥርና የነዋሪው ንቃት አሉ። ከእነዚህ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ይቀራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ከተማን የመጠበቅ ሥራ ለአንድ ከንቲባ ወይም ለአንድ ገዥ የሚተው አይደለም። በምርጫ ማግስት የቀጠናውን ተመራጭ ስም የሚያውቅ፣ የሰፈሩ ቦይ ሲደፈንና ቧንቧው ሲነጥፍ ለተመራጩ የሚያመለክት፣ የተነገረውን ተስፋ ከተሠራው ሥራ ጋር የሚያስተያይ ነዋሪ የሰጠውን ድምፅ ከአምስት ዓመት እስከ አምስት ዓመት ሲሠራበት ይኖራል።